«ሰርተፊኬቷን ልቆልፍባት?»

ጥያቄ፦

እንደምን ሰነበታችሁ። ዕድሜዬ 47 ነው፤ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ባለቤቴ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው። ትቶልኝ የሄደውን የብረታ ብረት ቤት ይዤ ሦስት ልጆች አሳድጋለሁ። በርና መስኮት፣ የአጥር በር፣ የደረጃ መደገፊያ እንሠራለን። እኔ ብየዳ አላውቅም። ሒሳቡን እይዛለሁ፣ ከደንበኛ ጋር እነጋገራለሁ፣ ላሜራና ቱቦላሬ አዲስ አበባ ሄጄ እገዛለሁ። ብረቱን የሚያውቀው ከባለቤቴ ጊዜ ጀምሮ አብሮን ያለው ዋናው በያጅ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት የማኅበር ወዳጄ ልጇን ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ላከችልኝ። የ12ኛ ክፍል ውጤት አልመጣለትም ነበር። «እንደ ልጅሽ አድርጊው» አለችኝ፤ አደረግኩት። ቁርሱን ከልጆቼ ጋር ነው የሚበላው። የመጀመሪያውን ዓመት በወር 3,000፣ ሁለተኛውን 5,000 ብር ከፈልኩት። በማታው ፕሮግራም ቴክኒክና ሙያ አስገብቼ በጠቅላላው 14,000 ብር ከፈልኩለት። አርጎን ብየዳ እንዲማርም አዲስ አበባ ልኬ ከነአልጋውና ከነምግቡ 18,000 ብር ወጣብኝ። ደምሬ ሳየው 128,000 ብር ነው። ያበላሸውን ብረትና ኤሌክትሮድ አልቆጠርኩም። ለነገሩ ጎበዝ ነበር። ለአንድ ረዳት በወር 4,000፣ ለበያጅ 12,000 ብር ነው የምከፍለው፤ ዋናው በያጄ በሁለተኛው ዓመት «ይኼ ልጅ ግማሽ ባለሙያ ሆኖልኛል» ይለኝ ነበር።

ሲኦሲውን፣ የሙያ ብቃት ምዘናውን፣ አለፈ። ደመወዝ ልጨምርለት አስቤ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት እዚሁ ከተማ ያለ አንድ ትልቅ ድርጅት በ16,000 ብር ወሰደው። የነገረኝ በስልክ መልእክት ነው። «እትዬ ይቅርታ፣ ሥራ አግኝቻለሁ» ብሎ ጽፎ ቀረ። እንቅልፍ አጣሁ።

አሁን ሁለተኛ ሠልጣኝ አለችኝ፤ 20 ዓመቷ ነው። እሷም በሚቀጥለው ወር ትመዘናለች። ዋናው በያጅ «ሰርተፊኬቷን አንቺ ተቀበይና መሳቢያ ውስጥ ቆልፊው፤ አምስት ዓመት ታገልግልሽ» ይለኛል። ወንድሜ ደግሞ «ማሠልጠን ለጎረቤት ወጥ መሥራት ነው፤ ተይው» ይላል። የእህቴ ልጅ በጀርመንና በእንግሊዝ ድርጅቶች በራሳቸው ገንዘብ ወጣት እንደሚያሠለጥኑና እንደሚያተርፉበት አንብቦ ነገረኝ። እንዴት ነው የሚያተርፉት? እኛ ጋ ለምን አልሆነም? ኮሌጁም ሁለት የትብብር ሠልጣኞች ተቀበይን ብሎኛል፤ መልስ አልሰጠሁም። የልጁን እናት ደግሞ በመጪው ወር ማኅበር ላይ አገኛታለሁ። ምን ብዬ አያታለሁ?

ባጎረስኩ ተነከስኩ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ከእርስዎ ጋር ሆኜ ልጁ ላይ ተናደድኩ። ሁለት ዓመት ቁርስ ያበላችው ሴት በስልክ መልእክት አትሰናበትም። ቢያንስ በሩ ላይ ቆሞ «እትዬ፣ እንዲህ ያለ ነገር መጥቶልኛል» ሊልዎት ይገባ ነበር። እንቅልፍ ያሳጣዎት ብሩ ብቻ አይመስለኝም። ብር ጠፍቶብዎት ያውቃል፤ ነጋዴ ነዎት። ይኼኛው ሌላ ነው። ልጅ ያሉት ሰው እንግዳ ሆኖ ወጣ።

ሁለተኛ ሳነበው ግን አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ላይ ቆምኩ። «ደመወዝ ልጨምርለት አስቤ ነበር» ብለዋል። ለማን ነገሩት? ለልጁ ነግረውታል? ለዋናው በያጅስ? ወይስ ሒሳብ ሲሠሩ ማታ ብቻዎን ያሰቡት ነገር ነው? ጥፋቱን ወደ እርስዎ ላዞር ፈልጌ አይደለም። ግን ልጁ የሚያውቀው ሲኦሲውን ማለፉንና ያን ወርም 5,000 ብር መቀበሉን ነው። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሰው 16,000 ብር አለው። በእርስዎ ልብ ውስጥ ያለውን ጭማሪ ከየት ያንብበው?

እስቲ ይህን ያስቡት። ያን ዕለት መጥቶ «16,000 ሊከፍሉኝ ነው፣ ምን ይሉኛል?» ቢልዎት ኖሮ ምን ይመልሱለት ነበር? «ሂድ ልጄ» ይሉት ነበር? «10,000 ልስጥህና አንድ ዓመት ቆይልኝ» ይሉት ነበር? ወይስ ይቆጡት ነበር? ምናልባት ፊት ለፊት ያልመጣው የመጨረሻውን ፈርቶ ነው። የ20 ዓመት ልጅ ከውለታ ጋር ፊት ለፊት መነጋገር አይችልበትም። እኛም በዚያ ዕድሜ አንችልበትም ነበር።

አሁን ወደ 128,000 ብሩ እንምጣ፤ ይህ ቁጥር እያሳመመዎት ስለሆነ እንፍታው። ከዚህ ውስጥ 96,000 ብሩ ወርሃዊ ክፍያው ነው። ልጁ በዚያ ገንዘብ ሠርቷል። በመጀመሪያው ዓመት እሱ ባይኖር በ4,000 ብር ረዳት ይቀጥሩ ነበር፤ ለእሱ የከፈሉት 3,000 ነው። በወር 1,000፣ በዓመት 12,000 ብር ቀርቶልዎታል። በሁለተኛው ዓመት ግማሽ ባለሙያ ነበር ተብሏል። የባለሙያ ግማሽ 6,000 ነው፤ የከፈሉት 5,000። እዚህም 12,000 ብር። ለሥልጠና ከኪስዎ ያወጡት የኮሌጁና የአዲስ አበባው 32,000 ነው። ከዚያ ላይ 24,000 ሲቀነስ 8,000 ብር ይቀራል። የተበላሸው ብረትና ኤሌክትሮድ፣ ዋናው በያጅ እያሳየ ያጠፋው ጊዜም አለ፤ እሱን ጨምሩበት። አሁንም ቀላል አይደለም። ግን 128,000 አይደለም። ልጁ ይዞት የሄደው እርስዎ ሌሊት የሚደምሩትን ያህል አይደለም ማለቴ ነው።

የእህትዎ ልጅ ያነበበው ደግሞ እውነት ነው፤ ግን ሙሉውን አልነገረዎትም። ጀርመን በ1969 እ.ኤ.አ. የወጣ የሙያ ሥልጠና ሕግ አላት። ወጣቱ ውል የሚፈርመው ከትምህርት ቤቱ ጋር ሳይሆን ከወርክሾፑ ጋር ነው። ውሉ ይመዘገባል። ሥልጠናው እንደ ሙያው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ተኩል ይፈጃል። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ትምህርት ቤት ይውላል፣ የቀረውን ቀን ብረቱ ላይ። የትምህርት ቤቱን ወጪ መንግሥት ይችላል። ድርጅቱ ወርሃዊ ክፍያውን ይከፍላል፤ ክፍያው በየዓመቱ ከፍ ይላል፤ ይህም በውሉ ላይ ገና ከመጀመሪያው ተጽፏል። እዚህ ድረስ እርስዎ ካደረጉት ብዙም አይርቅም።

የሚለየው ቀጥሎ ያለው ነው። በጀርመን ሕግ «ከሠለጠንክ በኋላ እኔ ጋ ታገለግላለህ» ብሎ ገና ሲጀመር ማስፈረም አይቻልም፤ ተፈርሞ ቢገኝም ዋጋ የለውም። የሥልጠና ወጪህን መልስ ማለትም አይቻልም። ሥልጠናው ሊያልቅ ስድስት ወር ሲቀረው ብቻ «ስትጨርስ እቀጥርሃለሁ፣ ትቀጠራለህ» ብለው መስማማት ይችላሉ። ልብ ይበሉ፣ የመጨረሻው ስድስት ወር። እርስዎ ዝም ያሉበት ጊዜ ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይጠቅማቸዋል? በሥልጠናው ዓመታት ብዙዎቹ የጀርመን ድርጅቶች ከሚያገኙት በላይ ያወጣሉ። የሚካካስላቸው ልጁ ሲቀር ነው። ሦስት ዓመት ያዩትን ሰው ነው የሚቀጥሩት፤ እጁን ያውቁታል፣ ጠባዩን ያውቁታል፣ ቤቱን ያውቃል። ከውጭ የመጣ እንግዳ ሞክሮ አልሆነም ብሎ የማሰናበት ወጪ የለባቸውም። ጎረቤታቸው ስዊዘርላንድ ደግሞ አብዛኞቹ ድርጅቶች ሥልጠናው ሳያልቅ ወጪያቸውን ይመልሳሉ፤ ሠልጣኙ ቶሎ የሚሸጥ ሥራ ላይ ስለሚገባ ነው። የእርስዎም ልጅ በሁለተኛው ዓመት እንዲያ ነበር።

እንግሊዝ ሌላ መንገድ ነው የሄደችው። ወንድምዎ «ለጎረቤት ወጥ መሥራት» ያለው ችግር እዚያም ነበር። አንዱ ያሠለጥናል፣ ሌላው ይወስዳል፤ ስለዚህ ሁሉም ማሠልጠን ይተዋል። በሚያዝያ 2017 እ.ኤ.አ. መንግሥት የዓመት የደመወዝ ወጪው ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የሆነን ድርጅት ሁሉ ከደመወዝ ወጪው 0.5 በመቶ ለሥልጠና እንዲያዋጣ አደረገ። አሠለጠነም አላሠለጠነም ይከፍላል። ካሠለጠነ ገንዘቡን ለሥልጠናው ይጠቀምበታል። ትንንሾቹ አያዋጡም፤ ሲያሠለጥኑ ደግሞ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መንግሥት ከሥልጠናው ወጪ 95 በመቶውን ሲሸፍን እነሱ 5 በመቶ እንዲጨምሩ ተደረገ። ደመወዙ ግን የቀጣሪው ነው። ሠልጣኙ ለሥልጠናው አምስት ሳንቲም አይጠየቅም። እዚያም ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ አልሆነም፤ ገንዘቡ ለጀማሪ ወጣት መዋል ሲገባው ለነባር ሠራተኛና ለሥራ አስኪያጅ ሥልጠና ይሄዳል የሚል ወቀሳ አለ። ሐሳቡን ግን ይያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

የእኛም ሕግ ባዶ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ ሙያ መልመጃ ውል ይናገራል። ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፤ በመንግሥት የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ይረጋገጣል። ምን እንደሚማር፣ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ፣ ስንት እንደሚከፈለው፣ የሥራው ሁኔታ ምን እንደሆነ ይጻፍበታል። አሠሪው ሠልጣኙን ከሙያው ጋር የማይገናኝ ሥራ ላይ ማሰማራት አይችልም። (የፋሲካ በግ ገዝቶ እንዲመጣ መላክ እዚህ ውስጥ ይገባል አይገባም እያሉ ብዙ ቤት ይከራከራሉ። ይገባል።) ውሉ ሲያበቃ ደግሞ አሠሪው ምን ሙያ ስንት ጊዜ እንዳሠለጠነ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። መስጠት ግዴታው ነው እንጂ መያዝ መብቱ አይደለም።

እንግዲህ መሳቢያው። አያድርጉት እህቴ። የሲኦሲው ወረቀት የልጅቷ ነው፤ ተመዝና ያለፈችው እሷ ናት። ቢቆልፉባት ከሳ ልታስመልሰው ትችላለች። ሕጉን እንኳ እንርሳው፤ ልጅቷን ያስቡ። ወረቀቷ ተይዞባት የምትበይደው በር ምን ዓይነት በር ይሆናል? ጠዋት በዚያ የደብረ ብርሃን ብርድ ተነሥታ የምትመጣው ለምን ይሆናል? አምስት ዓመት የታሰረ ሠራተኛ ደግሞ ሌላ ሥራ መፈለግ አያቆምም፤ መፈለጉን መደበቅ ነው የሚማረው። እንደ መጀመሪያው ልጅ በመልእክት ትሰናበታለች፣ እሱንም ከላከች ነው።

ይልቅ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ያድርጉ። ቡና ያፍሉና ይጥሯት። ወርክሾፑ ውስጥ አይሁን፣ ግራይንደሩ እየጮኸ ሰው አይነጋገርም፤ ዋናው በያጅም አይኑር። መጀመሪያ እሷ ትናገር። «ሲኦሲሽን ስታልፊ ምን አስበሻል?» ይበሏት፤ ከዚያ ዝም ይበሉ። «እዚሁ እሆናለሁ» የሚለውን የመጀመሪያ መልስ አይመኑት፤ አክብራዎት ነው። «እውነቱን ንገሪኝ፣ አልቀየምሽም» ይበሏትና ይጠብቁ። ምናልባት የምትፈልገው ከብር ሌላ ነገር ይሆናል። ሴት በያጅ ናት። ደንበኛ መጥቶ አልፏት «ባለሙያውን ጥሪልኝ» ሲላት ስንት ጊዜ ሰምታለች? ከጎኗ የሚቆም ሰው ብታገኝ፣ ስሟ ተጠርቶ ሥራ ቢሰጣት፣ ያ ብቻውን ስንት ብር እንደሚያወጣ አናውቅም።

ከዚያ የእርስዎን ይንገሯት፣ በቁጥር። ሲኦሲ ያለፈች ዕለት ደመወዟ ስንት ይሆናል? ከስድስት ወር በኋላስ? ንድፍ አንብባ፣ ለክታ፣ ቆርጣ፣ አንድ ሙሉ የአጥር በር ብቻዋን ስትጨርስስ? የትልቁን ድርጅት 16,000 መክፈል አይችሉ ይሆናል። ችግር የለውም። ግን 5,000 ላይ ማቆም ሌላ ቦታ እንድትፈልግ መንገር ነው። ለበያጅ 12,000 እየከፈሉ ሲኦሲ ላለፈች ልጅ 8,000 ብለው ጀምረው በዓመት ውስጥ 12,000 የሚያደርስ መሰላል ቢያሳዩዋት፣ ቢያንስ የምታመዛዝነው ነገር ይኖራታል። ቋሚ ሠራተኛ ሲያደርጓት ከእርስዎ በኩል የ11 በመቶ የጡረታ መዋጮ እንዳለብዎ ሒሳቡ ውስጥ ያስገቡት፤ ከእሷ 7 በመቶ ይቀነሳል። አንዳንድ ቤቶች ደግሞ ከትልቅ ሥራ ትርፍ ላይ ትንሽ ፐርሰንት ለሠራተኛው ይሰጣሉ። የኮንዶሚኒየም መስኮት ጨረታ ሲያሸንፉ ቢሞክሩት አይከፋም።

አገልግሎት የሚባለው ነገር ፈጽሞ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። እስካሁን ላወጡባት ወጪ ግን አሁን ተነሥተው ውል ማስፈረም ይከብዳል፤ ያኔ አልተነጋገራችሁም። ገና ያልተደረገ ነገር አለ፤ የአዲስ አበባው አርጎን ሥልጠና። እሷንም ሊልኳት ካሰቡ ከመሄዷ በፊት ይጻፉት። ለምሳሌ 18,000 ብር ወጥቶላት ከተመለሰች በኋላ 18 ወር ብትቆይ ምንም አትከፍልም፤ ከዘጠኝ ወር በኋላ ብትሄድ ግማሹን 9,000 ብር ትመልሳለች። በየወሩ የሚቀንስ፣ ለሁለታችሁም ግልጽ የሆነ፣ ደረሰኝ ያለው ወጪ ብቻ የሚቆጠርበት። ወርሃዊ ክፍያዋ እዚያ ውስጥ አይግባ፤ ሠርታበታለች። ከደመወዝ የሚቆረጥ ነገር ቢኖር የጽሑፍ ፈቃዷ ያስፈልጋል፤ ሕጉም ከወር ደመወዟ ሲሶ በላይ እንዳይቆረጥ ይከለክላል። ከመፈራረማችሁ በፊት ጠበቃ ወይም የሠራተኛ ጉዳይ ባለሙያ ይየው። አንድ ቅጂ ለእሷ ይስጧት፤ ቤቷ ወስዳ ለወላጆቿ ታንብብላቸው።

ስለ ዋናው በያጅም ልንገርዎ። ይህ ሰው ለምን «ቆልፊባት» እንዳለ ጠይቀውት ያውቃሉ? ለእርስዎ ተቆርቁሮ ሊሆን ይችላል። ግን እሱ ቦታ ላይ ሆነው ይዩት። ሁለት ዓመት ሙሉ የራሱን ሥራ እያቋረጠ «እንዲህ ያዝ፣ እጅህን አታንቀጥቅጥ» ሲል ከርሟል። ለዚህ ተጨማሪ ብር አልተከፈለውም። ከዚያ ያስተማረው ልጅ ከእሱ 4,000 ብር በልጦ ሄደ። የተናደደው ከእርስዎ ይበልጥ እሱ ሊሆን ይችላል። ድሮ በየጋራዡና በየብረት ቤቱ ሙያ የሚገኘው በማየት ነበር፤ ረዳቱ መፍቻ እያቀበለ በዓይኑ ይሰርቃል፤ ባለሙያውም ዋናዋን ነገር ጀርባውን ሰጥቶ ይሠራታል። ያ ፍርሃት ነው። ልጁ ከበለጠኝ ምን እሆናለሁ የሚል። ስለዚህ ለማስተማሩ ይክፈሉት። በወር ትንሽ የአሠልጣኝ አበል፣ ሠልጣኟ ሲኦሲ ስታልፍ ደግሞ አንድ ጊዜ የሚሰጥ ጉርሻ። በዚያ ቀን ማለፏ ለእሱም ደስታ ይሆናል።

ኮሌጁ ተቀበይን ስላለዎት ሁለት ሠልጣኞች ደግሞ፣ አንዱን ይቀበሉ። አንድ ብቻ፤ ምክንያቱም አስተማሪዎ አንድ ነው። በትብብር ሥልጠና ኮሌጁ ንድፈ ሐሳቡን ያስተምራል፣ ተግባሩ ድርጅት ውስጥ ነው። በአሠራሩ ከጊዜው 70 በመቶ ያህሉ ሥራ ቦታ ላይ፣ 30 በመቶው ኮሌጅ ውስጥ እንዲሆን ታስቦ ነው የተቀረጸው። ለእርስዎ ትልቁ ጥቅም የትምህርት ክፍያው ከእርስዎ ኪስ አለመውጣቱ ነው። ሁለተኛው፣ ልጁን ሳይቀጥሩ ለወራት ያዩታል። ሲመጣ የሥልጠና ዕቅዱን ይጠይቁ፤ ምን ሳምንት ምን መማር እንዳለበት ተጽፎ ይሰጥዎት። ካልተሰጠዎት ልጁ ስድስት ወር ብረት ሲጠርግና ቀለም ሲቀባ ይከርማል፤ እሱም አይማርም፣ እርስዎም አይጠቀሙም። ጓንት፣ የብየዳ መነጽርና ሽርጥ ማን እንደሚያቀርብም ከመጀመሩ በፊት ይነጋገሩ። ይህን የምለው ዓይኑን የተለበለበ ልጅ አውቃለሁ፤ ማንም «የእኔ ኃላፊነት ነው» አላለም ነበር።

እንግሊዞች ያዋጣሉ ያልኩትን ያስታውሳሉ? እኛ ለማዋጣት ፓርላማ አያስፈልገንም፤ ዕቁብ አለን። በአካባቢዎ ስንት ብረት ቤት አለ? አራት? አምስት? የሁሉም ችግር አንድ ነው፤ ሁሉም ሰው አሠልጥኖ ተነጥቋል፣ ሁሉም ደግሞ አንድ ቀን ከሌላው ነጥቋል። እርስዎም ሳይነጥቁ አልቀሩም፤ ያ 12,000 የሚከፍሉት በያጅ እጁን የፈታው የት ነው? አምስት ሆናችሁ በየወሩ የተወሰነ ብር ብትጥሉና የየተራውን ሠልጣኝ በእሱ ብታሠለጥኑ፣ ከእናንተ አንዱ የሌላውን ሠልጣኝ ቢቀጥር ቀሪውን የሥልጠና ወጪ ወደ ዕቁቡ ቢመልስ፣ ትልቁን ድርጅት ባታቆሙት እንኳ እርስ በርስ መነጣጠቁ ይቀንሳል። ዕቁቡ የሚቆመው በሚተማመኑ ሰዎች ስለሆነ ከሁለት ቤት ቢጀምሩት ይበቃል። የማይሆን ከመሰለዎትም ይተዉት፤ ይህኛው የእኔ ምኞት ነው።

ወንድምዎ «ተይው» ያለው ስህተት አይደለም፤ ከተከፋ እህት ጋር የቆመ ወንድም እንዲያ ነው የሚለው። ግን ማሠልጠን ቢያቆሙ በያጅ ከየት ያመጣሉ? ሌላ ሰው ካሠለጠነው። በ12,000፣ ነገ በ15,000። ደብረ ብርሃን እንደሆነች ፋብሪካው እየበዛባት ነው፤ ባለሙያ የሚፈልገውም በር እንዲሁ። የሚያዋጣዎትን ግን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። አንድ ዓመት ማረፍ ከፈለጉ ይረፉ። ልጅቷን ግን ጨርሱላት።

እናቲቱን ማኅበር ላይ ያገኟታል። ከዚያ ቀን በፊት ይደውሉላት። ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ቀርቦ፣ ሰው ሁሉ እያየ መነጋገር ለሁለታችሁም ይከብዳል፤ አንድ ቃል ካመለጠ ደግሞ እስከ መንዝ ይደርሳል። «ልጅሽ ጎበዝ ወጥቷል፤ አካሄዱ ግን አሳዝኖኛል» ይበሏት። ሁለቱም እውነት ነው። ገንዘቡን አያንሡባት፤ እሷ አልተዋዋለችም። ልጇ ምን እንደነገራት አናውቅም፤ ምናልባት «እትዬ መርቀው ላኩኝ» ብሏት ይሆናል፤ ያኔ የምትደነግጠው እሷ ናት።

ለልጁም አንድ ጊዜ ይደውሉለት። የቆሎ ተማሪ ከአንዱ የኔታ ተምሮ ወደ ሌላ ደብር ሲሄድ ማንም ከሃዲ አይለውም፤ ተሰናብቶ፣ ተመርቆ ነው የሚሄደው። (የኔታ የወርክሾፕ ኪራይ የለባቸውም ቢሉኝ መልስ የለኝም።) የጎደለው ስንብቱ ነው። «ሳትሰናበተኝ መሄድህ አሞኛል» ይበሉት፤ ከዚያ አዲሱን ሥራ ይጠይቁት። እሑድ እሑድ ትርፍ ጊዜ ካለውና አዲሱ ሥራው ከፈቀደለት፣ አርጎን የሚፈልግ ሥራ ሲመጣ በቀን ሒሳብ ሊሠራልዎት ይችላል። 18,000 ብር ያወጡበት እጅ ነው፤ ከተማው ውስጥ ነው ያለው።

የልጅቷ የምዘና ውጤት ሲመጣ ወረቀቱ በእርስዎ በኩል ከደረሰ፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ለፋይልዎ ያንሡ። ዋናውን ሠራተኞቹ ሁሉ ባሉበት፣ ዋናው በያጅ በእጁ እንዲሰጣት ያድርጉ። የአዲሱን ደመወዝ ደብዳቤም አብረው ያያይዙት።